አላረግኩም እማ

ልጄ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ሲሆናት የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ በር ላይ አስቆመችኝ። ጠዋት ነው። ሥራ ለመግባት አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል። ድንቡሼ ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ወደ ውስጥ ገብታለች። ድንቡሼ የምንላት ጉንጯና ክንዷ ሙልት ያለ፣ ለመቆንጠጥ እጅ የሚያሳክክ ስለነበር ነው።

«ሦስት ዓመት ስትሞላ ወደ ላይኛው ክፍል ትዛወራለች» አለችኝ ኃላፊዋ። «እዚያ ግን ዳይፐር የሚቀይር ሰው የለንም። በሁለት ወር ውስጥ ፖፖ ካልለመደች ቦታዋን ተራ ለሚጠብቅ ልጅ እንሰጣለን።»

«ትለምዳለች» አልኳት።

«እንደሱ ነው ሁሉም የሚለው» ብላ መዝገቧን ዘጋች።

እኔ የአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከየክፍሉ የሚወርደውን አንሶላ ለይቶ ማሽን ውስጥ መክተት የኔ ሥራ ነው። ሰው አልጋ ላይ የሚተወውን ሁሉ አይቻለሁ። ሽንት አይቻለሁ፣ ደም አይቻለሁ፣ ትውከት አይቻለሁ። አንድም ቀን ተጸይፌ አላውቅም፤ በባለቤቱም ተናድጄ አላውቅም። የትኛው እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ፣ የትኛው በሙቅ እንደሚለቅ አውቃለሁ፤ እሱን አድርጌ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ለማላውቀው ሰው እንዲህ ሆደ ሰፊ የነበርኩ ሴት ነኝ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። የራሴ ልጅ ላይ ምን እንዳደረግኩ ስትሰሙ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

ቦታውን ማጣት ያስፈራኝ በሥራዬ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ማቆያው ከቀረ ልጄን የሚይዝልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው፤ የባሌ ታላቅ እህት። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አሥር ቀን መንገድ ላይ ውሎ አድሮ አራት ቀን ቤት ይሆናል። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት። ራሷ አላገባችም፣ አልወለደችም። ከኛ አራት ፌርማታ ርቃ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እኔ እትዬ ነው የምላት፤ አንቱ እላታለሁ። ድንቡሼን የወለድኩ ሰሞን መጥታ፣ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጅቷን ለኔ ተይልኝ» አለችኝ። እኔም ገና ከአራስ አልጋ ሳልነሳ፣ «እትዬ፣ እርስዎ አንድ አሳድገዋል፤ ይበቃዎታል። ይህችን እኔ ነኝ የማሳድጋት» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሻርፗን አስተካከለችና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ እንግዳ ሆና ነው፤ ትቀመጣለች፣ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን ታያለች፣ ትሄዳለች። እንግዲህ ሄጄ «እትዬ፣ ተሸንፌያለሁ፣ ያዙልኝ» ማለት ሞቴ ነበር።

ቀይ የላስቲክ ፖፖ ገዛሁ። ድንቡሼ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ባርኔጣ አደረገችው። በሁለተኛው ሳምንት አሻንጉሊቷን አጠበችበት። ላውንደሪ ውስጥ የመተኮሻ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሽ ካውያ ነው የምንላቸው። ጭንቀቴን ስነግራቸው፣ «እኔ እኮ እስከ ስድስት ዓመቴ አልጋ ላይ ስሸና ነው ያደግኩት» አሉኝ። «እናቴ ምን ይውጠው ይሆን እያለች ታለቅስ ነበር። አየሽ፣ ለካስ ፈጣሪ በአንሶላ ሊያኖረኝ አስቦ ነው!» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሽንቱን በሦስተኛው ሳምንት ለመደች። የመጀመሪያ ቀን ፖፖው ላይ ጠብ ሲል ሁለታችንም ደንግጠን ተያየን። ጨበጨብኩላት። ለባሌ ስልክ ደውዬ መሪ ይዞ እያለ አበሰርኩት። ካካው ግን እንቢ አለ። ሲመጣባት ታውቃለች፤ ወሬዋን ታቆምና ወደ መስኮቱ መጋረጃ ሄዳ ትደበቃለች። ከመጋረጃው ሥር የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። ቀረብ ስላት፣ «አትዪኝ!» ትለኛለች። አንስቼ ፖፖው ላይ ሳስቀምጣት ትገተራለች፣ ታለቅሳለች፣ አንድም ነገር አይወጣትም። ዳይፐሯን መልሼ ሳስራት ግን ከመቅጽበት። ይኼ ነገር ከሥራ ገብቶ ወገቡ ለተቆረጠ ሰው ምን እንደሚመስል እናንተ ገምቱት። እልህ ይመስል ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ እልህ ተጋባችኝ ብዬ አመንኩ።

ማቆያው ውስጥ የድንቡሼን ክፍል የምትይዝ አንዲት ወጣት ነበረች። ልጆቹ ቲቲ ይሏታል። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሁልጊዜ ጉልበቷ ላይ አንድ ልጅ የማይጠፋ። አንድ ቀን ማታ ልወስዳት ስመጣ ፈገግ ብላ ወደ በሩ ወጣች።

«የድንቡሼ እናት፣ ዛሬ እኮ ፖፖ ላይ ካካ አደረገች።»

«እውነትሽን ነው? እንዴት አድርገሽ?»

«ምንም አላደረግኩም። ፊቴን አዙሬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሰው ሲያያት ነው የምትፈራው መሰለኝ። ትንሽ ብትተዪያት ራሷ ትመጣለች፤ አትቸኩዪባት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላለኝም። ያልወለደች ልጅ በገዛ ልጄ እኔን ታስተምረኛለች? «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብያት የድንቡሼን እጅ ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ «ለቲቲ አድርገሽ ለኔ የማታደርጊው ለምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለችኝና ግንብ ላይ ስለተቀመጠች ድመት ታወራኝ ጀመር።

ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባሌ ከመንገድ ገባ፤ እሑድ ምሳ ሰው ጠራን። ሁለት ሹፌር ጓደኞቹ ከሚስቶቻቸው ጋር መጡ፤ እትዬም መጣች። ልጄን ያለ ዳይፐር ነጭ ቀሚስ አለበስኳት። የሆነው ሁሉ ከዚህች ጉራዬ የመጣ ነው። ሩዙን እያቀረብኩ፣ አንደኛዋ ሚስት ስለ ልጇ ዳይፐር ስታማርር ሰማሁና፣ «እኛስ ተገላግለናል! ጥለነዋል» አልኩ፤ ወደ እትዬ ዓይኔን ወርወር አድርጌ።

ትንሽ ቆይቶ ድንቡሼ ከክፍሉ መሀል ጠፋች። ከመጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታያል። እኔ ጭልፋ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽታው ገበታው ላይ ደረሰ። ወሬው ቆመ፤ አንዱ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። ድንቡሼ ወጣች፣ ነጩ ቀሚስ ከኋላው ተበላሽቶ፣ እግሯን አራርቃ፣ ማንን እንደምታይ ጨንቋት።

ከኔ ቀድማ የተነሳችው እትዬ ናት። «ነይ የኔ እናት፣ ነይ፣ ምንም አይደል» ብላ አቀፈቻት፤ እድፉን እንኳ ሳትጸየፍ፣ በዚያ በእሑድ ልብሷ። ከዚያም ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ግን ሁሉም ሰው እንዲሰማ አድርጋ፣ «ልጅ የሚለምደው እናቱ ቤት ስትኖር ነው» አለች።

ባሌ ሳቀ። ነገሩን ለማብረድ ብሎ ነው፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን ቆሽቴ አረረ።

«ይስጡኝ። እኔ አለሁ» ብዬ ልጄን ከእቅፏ መነጨቅኳት።

መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ቆለፍኩት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እስኪሞቅ አልጠበቅኩም። ታፋዋን ሁለት ጊዜ በጥፊ አልኳት፤ የጣቶቼ ሰንበር እዚያው ተጋደመ። ሳሎን እንዳይሰማ ጥርሴን ነክሼ ነው የማወራው። «ሸታታ! ሰው ፊት አዋረድሽኝ! ሁለተኛ ካካ ብታደርጊ ከቆሻሻው ጋር አውጥቼ እጥልሻለሁ፣ ሰማሽ? የቆሻሻ መኪናው ይወስድሻል። ከዚያ በኋላ እማ የለሽም።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ዓይኔን እያየች፣ «እሺ» አለችኝ። «እሺ እማ።»

ሌላ ቀሚስ አልብሼ፣ ፀጉሯን አበጥሬ ይዣት ወጣሁ። ሩዙም ተበላ፤ እንግዶቹም ቤታችሁ ይባረክ ብለው ሄዱ።

ከማግስቱ ጀምሮ ልጄ ንጹሕ ሆነች። ሰኞ ምንም። ማክሰኞ ምንም። ሽንቷን ራሷ ፖፖው ላይ ሮጣ ትቀመጣለች፤ መጋረጃ የለ፣ መደበቅ የለ። ለካስ ትንሽ ቆንጠጥ ማድረግ ነበር የጎደለው፣ አልኩ። ረቡዕ ለኃላፊዋ ነገርኳት። ወዲያው የላይኛው ክፍል ዝርዝር ውስጥ አስገባቻት። ላውንደሪ ውስጥም አወራሁ፤ ጋሽ ካውያ የመተኮሻውን እንፋሎት ሦስት ጊዜ ፉጨት አስመስለው ለቀቁልኝ።

ካካውስ? ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። ማቆያ ታደርጋለች ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ ዕለት ቲቲ በር ላይ ጠብቃኝ፣ «የድንቡሼ እናት፣ ቤት ካካ ታደርጋለች? እኛ ጋ ከሰኞ ጀምሮ አላደረገችም። ምግብም እየተወች ነው» አለችኝ።

ማቆያ ያላደረገች ልጅ ቤት ውስጥም አላደረገችም። ይህንን በዚያች ቅጽበት አወቅሁት። አውቄውም ሳለ፣ «አዎ፣ ጠዋት ጠዋት ታደርጋለች» አልኳት። ለምን? ለላይኛው ክፍል ቦታ ብዬ ይሆናል፤ ለኩራቴም ይሆናል። ውሸት ደግሞ አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላውን ይጠራል።

ያንን ሰሞን ነገሮችን አያለሁ፤ ግን አልፋቸዋለሁ። ድንቡሼ በጣቷ ጫፍ እየቆመች መሄድ ጀመረች። ጠረጴዛ ጥግ ይዛ እግሯን አቆላልፋ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ትንፋሽ ውጣ ትቆማለች። ሙዝ ስሰጣት ጨምቃ ትተወዋለች። ሌሊት ጥርሷን ታፋጫለች። ጉንጯ መሟሸሽ ጀመረ። ሽሮፕ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ተፋችው።

በዘጠነኛው ቀን ማክሰኞ ትኩሳት ያዛት፤ ያገኘችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እንደ ዕድል የባሌ ጉዞ አጥሮ ቤት ገብቶ ነበር፤ ተሸክሞ ወደ ክሊኒክ ሮጠ። ሐኪሙ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሆዷን በሁለት ጣቱ ተጫነና፣ «ከተጸዳዳች ስንት ቀን ሆናት?» አለኝ።

«አንድ... ሁለት ቀን።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እመቤቴ፣ ይኼ የሁለት ቀን አይደለም።»

«ዘጠኝ» አልኩ።

ባሌ ፊቱን ወደኔ አዞረ።

ከታች፣ በመቀመጫዋ በኩል መድኃኒት ሊሰጧት ግድ ሆነ። ነርሷ እግሯን ያዘች፤ ባሌ ጭንቅላቷን፤ እኔ እጇን። ሊወጣ ሲል ልጄ የጮኸችውን ጩኸት እስክሞት አልረሳውም። ሕመሙን አይደለም የጮኸችው። «አላረግኩም! አላረግኩም እማ! እኔ አይደለሁም፣ አላረግኩም!» ትላለች፤ ከሥሯ እየወጣ፣ እያየሁት፣ አላረግኩም ትለኛለች። ነርሷ ሥራዋን አቁማ ሐኪሙን ተመለከተች።

ሁሉ አልቆ ልጅቷ በድካም ስትንጠራወዝ፣ ሐኪሙ እጁን ታጠበና ፊት ለፊታችን ቆመ። «ይህችን ልጅ ሰው አስፈራርቷታል። ማነው?»

የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ባሌ እያየኝ ነው። እንግዲህ እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር፤ አንድ ቃል፣ «እኔ» ማለት ብቻ። ዓይኔን በጨው ታጠብኩና፣

«እኔንጃ... ማቆያው ይሆናል» አልኩ። «አንዲት ተንከባካቢ አለች። ስለዚህ ነገር ብዙ ትናገራለች።»

ድንቡሼ አልጋው ላይ ሆና ሰማችኝ። ዓይኖቿ ክፍት ነበሩ።

በማግስቱ ባሌ ማቆያው ሄዶ ጉድ አፈላ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ደወለችልኝ። «በጣም ነው ያዘንነው። ልጅቷን ዛሬውኑ አሰናብተናታል። የድንቡሼ ቦታ እንደተጠበቀ ነው» አለችኝ። እኔ በአንድ ጆሮዬ ስልክ፣ በሌላው የማሽን ጩኸት፣ ክንዴ ላይ የሰው አንሶላ ታቅፌ፣ «እሺ» አልኳት።

ባሌ ግን፣ «ቦታ? የምን ቦታ? ልጄ እዚያ ቤት እግሯ አይረግጥም! ወይ አንቺ ሥራ ትተዪያለሽ፣ ወይ እህቴ ትይዛታለች» አለ። ሥራዬን ብተው ቤቱ በሱ ደሞዝ ብቻ አይቆምም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እንዳልሸነፍ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ልጄን በገዛ እጄ እትዬ ደጃፍ አደረሳት።

እትዬ አልፎከረችብኝም። ብትፎክር ይቀለኝ ነበር። የድንቡሼን ልብስ ከያዝኩት ፌስታል አወጣች፣ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ የሐኪሙን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «በቃ፣ ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል» አለችኝ። ሥራዬ ስለሚያመሽ ውሎ አዳሯ እዚያው ሆነ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ወደ ቤት ትመጣለች።

ለስድስት ሳምንት ያህል መድኃኒቱን እየወሰደች ቆየች። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ እትዬ ጋ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ድንቡሼ ኮሪደሩ ጥግ ፖፖዋ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ከፊት ለፊቷ ዱካ ላይ ሆና፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። አትናገራትም፤ አታያትም። ልጅቷ ስለ ጎረቤት ዶሮዎች ብቻዋን ታወራለች። ትንሽ ቆይታ፣ «እታባ፣ ጨረስኩ» አለች። እታባ ብላ ስም አውጥታላታለች። እትዬ ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ልጅቷን አንስታ በሞቀ ውሃ አጠበቻት። ጎበዝ እንኳ አላለቻትም። እጅ መታጠብን ያህል ተራ ነገር አደረገችው።

ቲቲ ያለችው ይህንኑ ነበር። እኔ ሳልገባ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቲቲን አገኘኋት። ትልቅ ሻንጣ ይዛለች። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ ቀድማ አየችኝ።

«የድንቡሼ እናት! ዳነች?»

«ድናለች። ደህና ናት» አልኳት። ከዚያ፣ «አሁን የት ነሽ?» አልኩ።

«የትም። ሌሎቹ ማቆያዎች የሥራ ልምድ ወረቀት አምጪ ይላሉ። እነዚያ ደግሞ ልጅ ያስፈራራ ሰው ወረቀት አይሰጠውም አሉኝ። እናቴ ጋ እየተመለስኩ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ። አውቶቡሱ ከሩቅ ይታያል። ሻንጣዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ነግራኝ ነበር እኮ» አለች።

«ማን?»

«ድንቡሼ። ያን ሰኞ። ‹ካካ ካደረግኩ እማ ትጥለኛለች፣ መኪና ይወስደኛል› አለችኝ። ለዚህ ነው ሐሙስ በር ላይ ጠብቄ የጠየቅኩሽ። እስቲ እናቷ ራሷ ታውራልኝ ብዬ።»

«ለምን... ለኃላፊዋ አልነገርሽም?»

«ነገርኳት። ባልሽ የመጣ ቀን። ‹ራስሽን ለማዳን በእናት ታላክኪያለሽ? አታፍሪም?› አለችኝ። እናት ናት የምትታመነው።»

አውቶቡሱ ቆመ። ይቅርታ አላልኳትም። ቲቲ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው የማይሰማ ነው። «እግዜር ይይልሽ» ብላ ገባች።

ያን ዕለት ባሌ ከመንገድ ገብቶ ነበር። ልብሱን ሳይቀይር፣ ገና እጁን ሲታጠብ፣ አጠገቡ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥፊውን፣ የቆሻሻ መኪናውን፣ ክሊኒክ ውስጥ ያልኩትን። ፎጣውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን አንድ በአንድ አደረቀ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«እዚያው ሐኪሙ ፊት። ድምፅሽ ተቀይሮ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሄድክባት?»

ፎጣውን ሰቀለ። «ያንቺ ሥራ ከሚሆን የሷ ቢሆን ይሻለኛል ብዬ» አለኝ። ከዚያ ጋደም ልበል ብሎ ገባ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ወሬያችን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ጋዝ ነው። አንድ ገበታ ላይ ስንቀመጥ አንዳችን የሌላችንን ምስጢር የያዝን ሌቦች እንመስላለን።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ማቆያው ሄድኩ። ኃላፊዋ ወንበር ሰጠችኝ። ኑዛዜዬ በጽሑፍ እንዲቀር ስለፈለግኩ በወረቀት አድርጌ ነበር የያዝኩት፤ አነበበችው። ፊቷ ገርጣ፤ ከዚያም ጠነከረ።

«ታዲያ አሁን ምን ላድርግልሽ? በቦታዋ ሰው ተቀጥሯል።»

«ቢያንስ የሥራ ልምድ ወረቀቷን ይጻፉላት።»

«አድራሻዋን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። እሷም አታውቅም። ስልኳም አይሠራም። ሙሉ ስሟን ራሱ ያን ጊዜ ነው ከመዝገቡ ላይ ያየሁት፤ ዓመት ሙሉ ልጄን ያቀፈችልኝን ሴት ስም። ኃላፊዋ ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ጻፈችላት አልጻፈችላት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድንቡሼ አሁን አራት ዓመቷ ነው። ጉንጯ ተመልሷል። ትዘላለች፣ ትለፈልፋለች፣ ታቅፈኛለች፤ ሰው ሲያያት ምንም የጎደለባት አትመስልም። አንድ ነገር ብቻ አለ። እኔ ቤት አትጸዳዳም። ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ «ጊዜ ስጫት፣ አታስገድጃት፣ እንድትይዘውም አትተዪያት» አለኝ።

ባለፈው እሑድ ሥዕል እየሳለች ሳለ እርሳሷ ቆመ። እግሯን ስታቆላልፍ አየሁ። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«መጣብሽ?»

«አልመጣብኝም።»

«ፊቴን አዞራለሁ። አላይሽም። በር ላይ እቆማለሁ ብቻ።»

«አልመጣብኝም አልኩ እኮ እማ።» ፈገግ ልትልልኝ ትሞክራለች፤ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እያባበለችኝ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ እናቷ እንዳትቆጣ እያባበለች።

ጫማዋን አደረግኩላት። ልብስ ሳሙና ውስጥ እንደነከርኩ ትቼው አቅፌያት ወጣሁ። አውቶቡስ አልጠበቅኩም፤ ታክሲ አስቆምኩ። መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ግትር ብላ ተቀመጠች፤ እኔም ሹፌሩን «ትንሽ ፈጠን በልልኝ ወንድሜ» እላለሁ። እትዬ ደጅ ስንደርስ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ከፈተች። ድንቡሼ ከእቅፌ ወርዳ በእግሯ መሀል ሾልካ ወደ ውስጥ ሮጠች። ወዲያው የመጸዳጃ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማን፤ ቆየት ብሎም ጥርት ያለ፣ ዘና ያለ የልጅ ዘፈን።

እትዬ ላብ በላብ ሆኜ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ሐዘኔታ መሰለኝ ያየሁት፤ ከስድብ ሁሉ የባሰ።

«ግቢ እንጂ» አለችኝ።

«አይ እትዬ፣ ልብስ ነክሬ ነው የመጣሁት» አልኳትና ደረጃውን ወረድኩ።